«ላቤን እየጠረግሁ ብር እቆጥራለሁ፤ ሥራዬን ልልቀቅ?»

ጥያቄ፦ «49 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በገንዘብ ከፋይነት ጀምሬ 24 ዓመት ሠርቻለሁ። አርጫለሁ መሰለኝ። የወር አበባዬ ሁለት ሦስት ወር ይቀርና ሲመጣ አሥር ቀን ይፈሳል፤ እየረጋ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴ ላይ የሚወጣ ሙቀት ላብ ያጠምቀኛል። ሌሊት ተነሥቼ ልብስ እቀይራለሁ። ባለፉት አራት ወራት ሁለት ጊዜ ጉድለት ወጥቶብኝ ከኪሴ ከፈልሁ፤ ከዚህ በፊት ደርሶብኝ አያውቅም። ሥራ አስኪያጄ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ምን ብዬ ልንገረው? ጎረቤቶቼ እናቶቻችን ችለውት አልፈዋል ይሉኛል። የሆርሞን መድኃኒት ካንሰር ያመጣል ስለተባልሁም ሐኪም ዘንድ አልሄድሁም። ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። አእምሮዬ እየከዳኝ ይሆን? ሳልዋረድ ሥራዬን ብለቅስ?»

መልስ፦ መልቀቂያ አይጻፉ። ቢያንስ ለስድስት ወር አይጻፉ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች ውስጥ አንዱን እንኳ እስካሁን ሐኪም አላየውም፤ አብዛኞቹ ግን ታክመው የሚቀልሉ ናቸው። በዚህ ሁኔታ በ24 ዓመት ሥራ ላይ መወሰን ሒሳብ ሳያመሳክሩ ጉድለት አምኖ እንደ መፈረም ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን የሚያደርጉ ሰው አይደሉም።

አንድ ቃል ላስተካክል። ገና አላረጡም። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ይህም በአብዛኛው ሴት በ45 እና በ55 ዓመት መካከል ይደርሳል። እርስዎ ያሉት ወደዚያ በሚያደርሰው የሽግግር ዘመን ላይ ነው፤ ይህ ዘመን ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ብዙዎች ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ እያለ፣ ጸጥ ብሎ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። እንደ ከተማችን የቧንቧ ውኃ ነው፤ አንድ ሰሞን ይጠፋል፣ አንድ ሰሞን ደግሞ በኃይል ይለቀቃል። በዚህ ምክንያት ከ45 ዓመት በላይ ሆና ምልክቱ ያለባት ሴት የሆርሞን መጠኗን በደም ማስለካት አያስፈልጋትም፤ የዛሬው ውጤት ስለሚቀጥለው ሳምንት የሚናገረው ነገር የለም። ገንዘብዎን ለሌሎቹ ምርመራዎች ያቆዩት። እርግዝናም ገና ሊከሰት ይችላል። ከ50 ዓመት በታች ያለች ሴት የወር አበባዋ ከቀረ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ያለችው ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ መከላከያ መጠቀም ይኖርባታል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሙቀቱ ሳይሆን ደሙ ነው። አሥር ቀን የሚፈስና እየረጋ የሚወርድ ደም «የዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍም። የሆርሞኑ መዋዠቅ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል፤ ማዮማም (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ወይም የካንሰር መነሻ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ሳይመረመሩ መለየት አይቻልም። አልትራሳውንድ፣ የደም መጠን ምርመራ፣ የማህፀን በር ምርመራ፣ ካስፈለገም ከማህፀን ግድግዳ ናሙና መውሰድ ይኖራል። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ስለሆነ፣ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ይህን አጋጣሚ አያሳልፉት። አንድ ነገር ደግሞ ለሁልጊዜ ያስታውሱ፦ 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ቢያዩ፣ ሳይታመሙም ቢሆን፣ ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። ስንት ሴት «የወር አበባዬ ተመለሰ፣ ወጣትነቴ መጣ» እያለች ወራት አባክና እንደምትመጣ ብነግርዎት ያዝናሉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የደሞዝ ሰሞን ነው እንበል። ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። አውራ ጣትዎን በስፖንጁ አርሰው የመቶ ብር እስር እየቆጠሩ ስልሳ ሁለት ላይ ደርሰዋል። ደረትዎ ላይ የእሳት ወላፈን የነካዎት ያህል ይሰማዎታል፤ አንገትዎ ይግላል፣ ግንባርዎ ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ ልብዎ ይመታል፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ደንበኛ ቀና ብሎ ያይዎታል። ስልሳ ሁለት ነበር ወይስ ሰባ ሁለት? ይህ ትኩሳት አይደለም፤ በቴርሞሜትር ቢለኩት የሰውነትዎ ሙቀት ብዙም አልጨመረም። ምች አልመታዎትም፤ ብርድም አይደለም። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ፤ ኢስትሮጅን ሲጎድልበት ስሜቱ ስስ ይሆናል። ድሮ ንቆ የሚያልፈውን ጥቂት የሙቀት ለውጥ እንደ ቃጠሎ ይቆጥርና የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ ላብ ያወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም ብርድ ብርድ ይላል። «ጥቂት ወር ነው፣ ያልፋል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ በብዙ ሴቶች ላይ ሙቀቱ ከሰባት ዓመት በላይ ሲመላለስ ታይቷል። ሰባት ዓመት ማለት እስከ ጡረታዎ ከቀረዎት 11 ዓመት ከግማሽ በላይ ነው፤ ስለዚህ «ቻይው» የሚለው ምክር ሕክምና አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የሚያልብ ሁሉ የማረጥ ጉዳይ ነው ብዬ አልደመድምም፤ በተለይ በአገራችን። የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የክብደት መቀነስ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት አብሮ ካለ መጀመሪያ መመርመር ያለበት እሱ ነው። የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም እንዲሁ ላብ ያመጣል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በቀላል የደም ምርመራ ይለያል። የሚወስዱት አምሎዲፒን ደግሞ የደም ሥሮችን የሚያሰፋ መድኃኒት ስለሆነ በአንዳንድ ሰው ላይ ፊት ያግላል፣ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። የእርስዎ ሙቀት መድኃኒቱን ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ብሶ እንደሆነ ያስታውሱና ለሐኪምዎ ይንገሩ። ራስዎ ግን አያቁሙት፤ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ከሙቀቱ እጅግ የከፋ ነው።

«አእምሮዬ እየከዳኝ ይሆን?» ብለዋል። ብዕርዎ እዚህ ላይ የከበደው ይመስለኛል፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስ። በ49 ዓመት የመርሳት በሽታ ብርቅ ነው። ያ በሽታ ሲጀምር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን የሚያየው ቤተሰብ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። እርስዎ ጉድለቱን ራስዎ አይተዋል፣ ቀኑን ያስታውሳሉ፣ ካለፉት ዓመታት ጋርም አነጻጽረዋል። በሽግግሩ ዘመን ቃል የመጥፋት፣ ትኩረት የመበተን፣ አዲስ ነገር ቶሎ ያለመያዝ ችግር በእርግጥ አለ፤ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። መጠኑ ግን አነስተኛ ነው፤ በአብዛኛዎቹም ሴቶች ላይ ከማረጥ በኋላ ይሻሻላል። የእርስዎን ያባባሱት ሦስት ነገሮች ይመስሉኛል። አንደኛው እንቅልፍ ነው፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ልብስ ለመቀየር የሚነሣ ሰው፣ የ25 ዓመት ወጣት ቢሆንም፣ ብር ቢቆጥር ይሳሳታል። ሁለተኛው ከደሙ ጋር የሄደው የብረት ማዕድን ነው፤ የደም ማነስ ያለበት አንጎል ይዝላል። ሦስተኛውን ማንም የነገረዎት አይመስለኝም፦ ዓይንዎ። ከ40 ዓመት በኋላ የሰው ሁሉ ዓይን ቅርብ ያለውን የማየት አቅሙ ይቀንሳል። መነጽር ሳያደርጉ ወይም ከአምስት ዓመት በፊት በተገዛ መነጽር ቼክ ላይ 3ን ከ8 የሚለዩ ከሆነ፣ ከጉድለቱ አንዱ የአእምሮ ሳይሆን የመነጽር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት ዓይንዎን ይመርመሩ። ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

ስለ ሆርሞን ሕክምና የሰሙት ፍርሃት ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለው ትልቅ ጥናት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (እንደ ፕሮጄስትሮን ሆርሞን የሚሠራ መድኃኒት) አብረው ይወስዱ የነበሩ ሴቶች ያሉበት ክፍል ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ። የተጠኑት 16,608 ሴቶች ነበሩ። አማካይ ዕድሜያቸው ግን 63 ነበር፤ ብዙዎቹም ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ያለፋቸው ናቸው። የተገኘው የጡት ካንሰር ጭማሪ በዓመት ከ10,000 ሴቶች በ8 ያህል ነበር። ጭማሪው እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን «የሚወስደው ሁሉ ይታመማል» ማለት ከዚህ በጣም የራቀ ነው። እነዚያኑ ሴቶች 18 ዓመት ያህል የተከታተለው ጥናት ሕክምናውን የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ እንዳልሞቱ አሳይቷል። ዛሬ ያለው የሙያው ስምምነት ይህ ነው፦ ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነ ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ያልሞላት፣ የሚከለክላት ሌላ ሕመም የሌለ፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ያወከባት ሴት ከሕክምናው የምታገኘው ጥቅም በአብዛኛው ከጉዳቱ ይበልጣል። ለሙቀቱና ለሌሊት ላቡ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ለእርስዎ ግን ቅደም ተከተል አለው። ደሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሆርሞን አይጀመርም። የደም ግፊትዎም መስተካከል አለበት። የጡት ካንሰር ታሪክ፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የጉበት ሕመም ካለ በሌላ መንገድ እንሄዳለን። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም፤ የማህፀን ግድግዳን እያወፈረ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል ፕሮጄስትሮን ይጨመርበታል። ለእርስዎ ይስማማል ብዬ የማስበው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ይህን መሰል ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው፤ የሚፈስሰውን ደም ይቀንሳል፣ እርግዝና ይከላከላል፣ ግድግዳውንም ይጠብቃል። ኢስትሮጅኑ ደግሞ በቆዳ የሚለጠፍ ወይም የሚቀባ ቢሆን ከሚዋጠው ይልቅ ደም የማርጋት አደጋው ዝቅተኛ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ግን ፋርማሲው መድኃኒቱን በየወሩ ማቅረብ መቻሉን ያረጋግጡ፤ ጀምሮ ማቋረጥ ሙቀቱን መልሶ ያመጣዋል። በዚህ ምትክ የተለመደውን የወሊድ መከላከያ እንክብል ገዝተው እንዳይውጡ። በ49 ዓመት ዕድሜ፣ ከደም ግፊት ጋር፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ለስትሮክ ያጋልጣል።

ሆርሞን የማይሆንላት ሴት ያለ አማራጭ አትቀርም። በዝቅተኛ መጠን የሚታዘዙ የድባቴ መድኃኒቶች ሙቀቱን ይቀንሳሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ቬንላፋክሲን የደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ለእርስዎ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ጋባፔንቲን ማታ ቢወሰድ ሙቀቱንም ያበርዳል፣ ያስተኛልም፤ ጠዋት ግን ሊያደነዝዝ ይችላል። ብር ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ ቅዳሜ ማታ ጀምሮ ማየት ይሻላል። ፌዞሊኔታንት የተባለ ሆርሞን ያልሆነ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ቢያመጣልዎትም ሳይመረመሩ አይጀምሩት፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በደም ምርመራ ክትትል የሚወሰድ ነው። ተልባ፣ አኩሪ አተርና ከባሕር ማዶ የሚላኩ የዕፅዋት እንክብሎች ይጠቅማሉ የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። ተልባውን በምግብነቱ ይጠጡት። እንቅልፍ እንዲመጣ ብለው ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ዲያዜፓም እንዳይገዙ ግን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፤ ሱስ ያስይዛል፣ ትውስታንም ያደበዝዛል።

ስለ ሥራ ቦታው ልቀጥል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ እርስዎ ሲያልብዎ አጠገብዎ ያለችው ባልደረባ ሹራብ ደርባለች። መስኮት ሲከፍቱ «ብርድ ይመታናል» ተብሎ ይዘጋል። በዚህ ላይ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም፤ የእርስዎ መቀመጫ ወደ መስኮቱ ዳር ይዛወር፣ ወደ ፊትዎ ብቻ የሚነፍስ ትንሽ የጠረጴዛ ማራገቢያ ይኑርዎት። ከናይለን የተሠራ የደንብ ልብስና ከላይ የሚደረብ ኮት ሙቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ በዚያው ቀለም የጥጥ ሸሚዝ እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ። ትኩስ ቡና ሙቀቱን የሚቀሰቅስባት ሴት አለች፤ የማይቀሰቅስባትም አለች። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙና የእርስዎን ይለዩ። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው ግን ለእንቅልፍዎ ሲባል ይቅር። ሙቀቱ ሲጀምር እጅዎን ከብሩ ያንሡ። ቆጠራውን ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ እስሩን አስቀምጠው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ካለፈ በኋላ ከአንድ ይጀምሩ። ደንበኛው ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይሞትም። ትልልቅ ገቢዎችን ሁለት ሰው ቆጥሮ እንዲፈራረምበት ማድረግ ደግሞ ለእርስዎ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ የባንክ ሥራ ጥንቃቄ ነው።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ ስለ ማህፀንዎ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። በሽታዎን ሳይሆን የሚያስፈልግዎትን ይንገሩት። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «በሐኪም ክትትል ላይ ያለሁበት የጤና ጉዳይ አለ፤ ይታከማል። ሥራዬ እንዳይበደል ለሦስት ወር መስኮቱ ጋ እንድቀመጥ፣ በደሞዝ ሰሞን ለደንበኛ ከመክፈል ወደ ማመሳከር ሥራ እንድዛወር፣ አስፈላጊ ሲሆን ለአምስት ደቂቃ የሚተካኝ ሰው እንዲመደብ እጠይቃለሁ።» ጥያቄዎን በጽሑፍም ያስገቡ፤ ከሐኪም የተሰጠ ማስረጃ ያያይዙ። ማስረጃው ዝርዝር ሕመሙን ሳይጽፍ የሚያስፈልገውን ብቻ መግለጽ ይችላል፤ እኛ ሐኪሞች ይህን እንድናደርግ ይጠይቁን። ብዙ ጊዜ እንደማየው፣ እንደ ልጅ የምናያቸው ወጣት አለቆች ከምንፈራው በላይ ያስተናግዳሉ፤ እናት አላቸውና። ካልሆነ ሠራተኛ ማኅበርዎ አለ።

ሕጉ የሚሰጥዎትንም ይወቁ። የግል ባንክ ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ማረጥን በስም አይጠቅስም፤ የሕመም ፈቃዱ ግን ለማንኛውም በሐኪም ለተረጋገጠ ሕመም ይሠራል። በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ሊወሰድ ይችላል፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ከግማሽ ደሞዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ የማረጥ ምልክት ረዘም ላለ ጊዜ ኑሮን በብርቱ የሚያውክ ከሆነ እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠርና አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ሊገደድ እንደሚችል ለአሠሪዎች አስታውቋል። እኛ ዘንድ ይህ የለም። በኅብረት ስምምነት ግን ሊገባ ይችላል፤ አንዲት ሴት ደፍራ ከጠየቀች ለኋላዎቿም ይተርፋል። ለመልቀቅ ካሰቡ ደግሞ ይህን አስሉ፦ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ በ49 ዓመት በገዛ ፈቃድ ለሚለቅ ሰው አበሉ ወዲያው አይጀመርም። በሠራተኛ ወለድ የተወሰደ የቤት ብድር ካለብዎት፣ ሲለቁ ወለዱ ምን እንደሚሆን ውሉን አውጥተው ያንብቡ።

«እናቶቻችን ችለውታል» የሚለውን በዝምታ ላልፈው አልችልም። እናቶቻችን ቻሉት ወይስ የሚጠይቃቸው ጠፋ? እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ሌሊት ወደ ደጅ ወጥታ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እኛ ልጆቿ የምትጸልይ መስሎን ነበር። ምን እንደነበር የገባኝ ሐኪም ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሷን መጠየቅ አልቻልሁም።

ቀሪዎቹን በአጭሩ። ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። በጾም ወቅት ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ ያግዙ እንጂ ብቻቸውን ላይሞሉት ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለሚውል ሰው ፀሐይም ብርቅ ነውና በምሳ ሰዓት ይውጡ፣ በእግር ይሂዱ። ሽንት ይዘው መዋልም ይቅር፤ በዚህ ዕድሜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። የብልት ማሳከክና ድርቀት ካለ እዚያው ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ ኢስትሮጅን አለ፤ አፍረው አይተዉት።

በዚህ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ሙቀቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ደሙ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን የጻፉበትን ደብተር፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። ሕክምናው ከተጀመረ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ይታዩ፤ ሥራ ስለ መልቀቅ የሚያስቡት ከዚያ በኋላ፣ ስድስቱ ወር ሲሞላ ነው። ደሙ ግን ከቀጠሮው በፊት በርትቶ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ሆኖ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ሲነሡ ራስዎን ካዞረዎት፣ ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።